ስምንት ወር የረዳሁት ልጅ ሸሸኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ጥላ_ሥር
ሰላም ናችሁ? እዚህ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ የሚብላላ ነገር አለ።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ልጅ ተዋወቅሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ብቻውን ነው የተሰደደው። ጥገኝነት ጠይቆ መልሱን እየጠበቀ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ፣ አርባን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። የተገናኘነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አንድ ደብዳቤ ይዞ ደጋግሞ ያገላብጣል። ቋንቋው ገና አልገባውም ነበር። «ላንብብልህ?» አልኩት። በዚያው ጓደኛሞች ሆንን።

ከዚያ ወዲህ ያላደረግኩለት ነገር የለም ማለት እችላለሁ። ስንት ቅጽ ሞላሁ። ከቢሮ ቢሮ አብሬው ዞርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ቋንቋ አስጠናሁት። ጃኬት ገዛሁለት። ልጁ በጣም ጨዋ ነው። አንድ ቀን ብስክሌቴ ተበላሽታ ቆማ አየና «እኔ ልሥራት» አለኝ። አገሩ ሳለ ጋራዥ ይሠራ ነበር። «አንተ ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ ሐሳብ እያለብህ! አትቸገር» አልኩት።

ባለፈው ወር ጓደኞቼን ቤቴ ጠራሁ። እሱንም ጋበዝኩት። ከሰው ይተዋወቅ፣ ብቻውን አይሁን ብዬ ነው። ጥሩ ምሽት ነበር። ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ አጫወታቸው፤ ያላለቀሰ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ስደውል አያነሳም። መልእክት ስልክለት «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ምን ሥራ? የሥራ ፈቃድ እንኳ የለውም! ወደ ጥናትም መምጣት ተወ።

ተናደድኩ ልበል አዘንኩ፣ እኔም አላውቅም። እውነቱን ንገሩኝ። ምን አጠፋሁ?

ቀጥተኛው
ምንም አላጠፋሽም። ሰው እንዲህ ነው። ነገር ቀለል ሲልለት ፊቱን ያዞራል። ስንቱን አይተናል። ተይው፣ ሲቸግረው ይመጣል።

ፈገግታ
@ቀጥተኛው ምኑ ቀለለለት? ወረቀቱ አልወጣ፣ ሥራ የለው፣ ቤተሰቡ አጠገቡ የለ። አንተ ደግሞ ለፍርድ ማን ይቀድምሃል!

መንገደኛ
ጽሑፍሽን ሦስቴ አነበብኩት። እኔም ስደተኛ ነበርኩ። አሁን ዜግነት አለኝ፤ ትዳር መሥርቼ ልጆች ወልጃለሁ። ስለዚህ ከልጁ ወገን ሆኜ ልናገር። እንዳትቀየሚኝ።

መልሱ እኮ ራስሽ ጽሑፍ ውስጥ አለ። «ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ አጫወታቸው» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። አጫወታቸው ነው ወይስ አጫውታቸው ተባለ?

እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪኬን ለማን ለማን እንደተናገርኩ ልንገርሽ። ለድንበር ፖሊስ። ለመዝጋቢው። ለጠበቃ። ለሐኪም። ለቃለ መጠይቅ አድራጊው፣ እሱም ከጠዋት እስከ ማታ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በኔ ላይ የሚወስኑ ናቸው፤ ወይም ለሚወስን ሰው የሚጽፉ። በቃ፣ ታሪኬ የመግቢያ ትኬት ሆነ። በሄድኩበት ሁሉ አውጥቼ የማሳየው። ታዲያ ወዳጅ ቤት ስሄድ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትኬት የማልጠየቅበት ቦታ። ስለ ኳስ ማውራት። በማይረባ ነገር መከራከር።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ፣ ሽማግሌ፣ የአገሩ ተወላጅ። ቼዝ እንጫወት ነበር። ያሸንፈኛል፣ ይስቅብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ «እንዴት መጣህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማታ፣ ጨዋታው መሀል ላይ፣ ራሴ ነገርኩት። ሁሉንም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስም ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሰሌዳውን በአገጩ አሳየኝና «ተራው ያንተ ነው» አለኝ።

ብዙ ሰው አጽናንቶኛል። እንደዚያች ቃል ግን ያሳረፈኝ የለም።

ጥላ_ሥር
መንገደኛ፣ ይሄን አንብቤ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ልክ ነህ። እሱ አልጀመረም። እኔ ነኝ «እስቲ ስለ ጀልባዋ ንገራቸው» ያልኩት። ቀደም ብሎ ለኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር። እኔ ሰዎቹ እንዲወዱት ፈልጌ ነው። ሲናገር ደግሞ ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታውን አይቼ ደስ ብሎታል አልኩ።

ነርሷ
ፈገግታው ይሉኝታ ነው እህቴ። ቤትሽ ተጋብዞ፣ ጓደኞችሽ ፊት፣ «አልናገርም» የሚልበት አንጀት ከየት ያምጣ?

ሥራ ላይ በዚህ ጉዳይ ሥልጠና ወስደን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቡና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ አለ። ለሥነ ልቡና ባለሙያ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ከባድ ነገር የደረሰበትን ሰው መርዳት የሚችል ሰው እንዲጠቀምበት ነው። ነገሩ ሦስት ቃል ነው፤ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። አዳምጥ ማለት ግን ጎርጉረህ አውጣ ማለት አይደለም። የደረሰበትን እንዲናገር አትጫነው ይላል በግልጽ። እኛ ሰዎች «ተናግሮ ይውጣለት» ማለት እንወዳለን። ሁልጊዜ አይወጣም። ሳይፈልግ የተናገረ ሰው ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን ሊያድር ይችላል። እናንተ አልቅሳችሁ ቀለላችሁ፤ እሱ ይዞት ወደ ክፍሉ ሄደ።

ሦስተኛዋን ቃል ደግሞ ሰው ይረሳታል። አገናኝ። አንቺ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ አስተማሪውም ልትሆኚ አትችይም። እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ነገር ካወጣ፣ ወደ ባለሙያ ይዘሽው ሂጂ። ያን ለብቻሽ አትሸከሚው።

ቀጥተኛው
እሺ፣ መናገሩ ከብዶት ይሆናል። ግን ስምንት ወር አብራው የተንከራተተች ሴት ስትደውል ስልክ አለማንሳት ምን ይባላል? ምስጋና የሚባል ነገር ቀረ?

አስተማሪው
ምስጋናውማ ነው የከበደው።

ቀጥተኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንዘብ ተበድረህ መመለስ ሲያቅትህ ያበደረህን ሰው መንገድ ላይ ብታየው ምን ታደርጋለህ? መንገድ ትቀይራለህ። ሰውየውን ስለጠላኸው አይደለም። ይሄ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ ሲቀበል ነው የኖረው። ጃኬት ተቀበለ፣ ጊዜ ተቀበለ፣ ትምህርት ተቀበለ። አንድ ቀን ብቻ እሱም የሚሰጠው ነገር አገኘ። ብስክሌቷን ልብ ብላችኋል? ሁላችሁም ጀልባዋ ላይ ስትነጋገሩ ብስክሌቷን አለፋችኋት። የጋራዥ ልጅ እጁ የሚያውቀውን ሥራ «ልሥራልሽ» አለ። «አትቸገር» ተባለ። በደግነት ነው የተባለው፤ እሱ ግን የሰማው «አንተ የምትሰጠኝ ነገር የለህም» የሚለውን ሊሆን ይችላል።

ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ነገር አለ። የተለያየ ወገን ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ አይቀራረቡም ባይ ነው። ግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ዓላማ፣ ተባብሮ መሥራት፣ ከዚያም የሕግ ወይም የማኅበረሰብ ድጋፍ ሲኖር ነው ጥላቻው የሚቀንሰው። እሱ የጻፈው ስለ ቡድኖች ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዋን፣ እኩልነትን፣ ለሁለት ሰውም እወስዳታለሁ። እኩል ካልሆናችሁ አንቺ ረጂ ነሽ፣ እሱ ተረጂ ነው። ያ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጓደኝነት አይባልም።

ከፍትፍቱ ፊቱ እንላለን። ፍትፍቱም ፊቱም ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ሲመጣ ግን ያንቃል።

ፈገግታ
«ያንቃል» አልከው!

እውነቱን ነው ግን። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ስደተኛ ልጅ አለች። እኔ የመንግሥት ደብዳቤዎቿን አነብላታለሁ፣ እሷ ስልኬን ታስተካክልልኛለች። «አንቺ እኮ ያለኔ ሰው አይደለሽም» ትለኛለች። ያን ስትለኝ ደስታዋ!

ተርጓሚው
እኔ የማስተርጎም ሥራ ስለምሠራ አንድ ቀላል ዘዴ ልናገር። የልጁን ቋንቋ ተማሪ። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። ያኔ አፍሽ ይተሳሰራል፣ ትሳሳቻለሽ፣ እሱ ይስቅብሻል፣ ያርምሻል። ለግማሽ ሰዓት አዋቂው እሱ፣ እንደ ሕፃን የምትኮላተፊው አንቺ ትሆናላችሁ። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ጅል መስሎ ነው የሚውለው። በራሱ ቋንቋ ቀልደኛ የነበረ ሰው እዚህ «አዎ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ይሆናል። ቀልዱ የት ገባ? አንቺ የምታውቂው ልጅ ጨዋ ነው አልሽ። አገሩ ሰፈር የሚያስቸግር ወሬኛ የነበረ ቢሆንስ?

በነገራችን ላይ፣ ጓደኛን ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ አታድርጉ። ወዳጅ ሲያስተረጉም ያሳምራል፣ ይዘላል። በልምዴ አይቼዋለሁ።

ወረቀት_ቤት
ስለ ስሜቱ ጥሩ ተብሏል። እኔ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በሚያግዝ ቢሮ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። ወዳጆች በቅንነት የሚያበላሹትን ነገር ልናገር፤ በራሴም ልጀምር።

ከዓመታት በፊት አንድ ጥገኝነት የጠየቀ ወዳጄ የልደት ወረቀት ተጠይቆ ተጨንቆ ነበር። እኔ ሆዬ «ምን ችግር አለው፣ ኤምባሲህ ሄደህ አታወጣም?» አልኩት። ደግነቱ ጠበቃው ሰምቶ አስቆመው። ከመንግሥት የሸሸ ሰው የዚያኑ መንግሥት በር ሲያንኳኳ ያለበት ቦታ ይታወቃል። አገር ቤት የቀሩት ዘመዶቹ ሊጠየቁበት ይችላሉ። ጉዳዩን የሚያየው ክፍልም «የምትፈራውን መንግሥት እንዴት ሄደህ ለመንከው?» ሊለው ይችላል። የስደተኛነት እውቅና ላገኘ ሰው ደግሞ ይብሳል። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ላይ፣ ሰው በፈቃዱ ተመልሶ የአገሩን ጥበቃ ከተጠቀመ ስደተኛነቱ ሊያበቃ እንደሚችል ተጽፏል። ለዚህ ነው አንቀጽ 28 የተቀበለው አገር የጉዞ ሰነድ ይስጠው የሚለው። የዚያ ሰነድ አያት እ.ኤ.አ. በ1922 የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር የነበረው ኖርዌያዊው ናንሰን ያስጀመረው ፓስፖርት ነው፤ መጀመሪያ አገር አልባ ለቀሩ ሩሲያውያን የተሰጠ።

ሁለተኛው ደግሞ «ትንሽ ጨመር አድርግበት፣ እንዲያዝኑልህ» የሚል ምክር ነው። እንዲህ የሚል ወዳጅ ከጠላት አይሻልም። ወሳኙ የዛሬውን ቃል ከበፊቱ ቃል ጋር ያስተያያል። የተጋነነች አንዲት ነገር እውነተኛውን ታሪክ ይዛው ትወድቃለች።

ልጁ «በሕገ ወጥ መንገድ ገባሁ» ብሎ የሚሸማቀቅ ከሆነም ይሄን ንገሪው። አንቀጽ 31 ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከነበረበት አገር በቀጥታ መጥቶ፣ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያቀረበና በቂ ምክንያት ያለው ስደተኛ በአገባቡ ምክንያት አይቀጣ ይላል።

አንቺ ማድረግ የምትችይው ተራ ነገር ነው። ደብዳቤ በመጣ ዕለት እንዲከፈት ማድረግ። የይግባኝ ጊዜ ብዙ ቦታ አጭር ነው። የቀጠሮ ቀን ማስታወስ። ቃለ መጠይቅ ሲገባ ውጭ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፤ ሲወጣ ደግሞ «ምን ጠየቁህ?» አለማለት።

የማታ_ሰው
ከርዕሱ ወጣ ልበል። እኔ የማውቀው ልጅ ገና አሥራ ስድስት ነው። መንገድ ላይ ከእናቱ ተለያይቶ የት እንዳለች አያውቅም። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ላፈላልግለት?

ወረቀት_ቤት
በፍጹም እንዳትለጥፍ! ማን እንደሚያየው አታውቅም። የሸሹት ሰው ሊያየው ይችላል። «እናትህ እኔ ጋ ናት፣ ገንዘብ ላክ» የሚል አጭበርባሪም አይጠፋም። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆነው የተለያዩ ቤተሰቦችን ያፈላልጋሉ። አይከፈልበትም። ልጁ ራሱ ፈቅዶ ነው የሚጠየቀው፤ አንተ ቢሮውን አሳየው።

ሌላው፣ አሥራ ስድስት ከሆነ በሕግ ሕፃን ነው። የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 22 ስደተኛ ሕፃን ጥበቃና ቤተሰቡን የማፈላለግ እገዛ ይገባዋል ይላል። ሞግዚት ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ተመድቦለት ከሆነ ከዚያ ሰው ጋር ተዋወቅ። መቼ፣ የት እንደምትገናኙ ይወቁ። ለልጁም ላንተም ጥበቃ ነው። ጥሩ ወዳጅነት የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

የማታ_ሰው
ተውኩት። ፎቶውን መርጬ ልለጥፍ ነበር እኮ፣ አንድ ጣት ነበር የቀረኝ። ነገ ሞግዚቱን አገኛለሁ።

ቀጥተኛው
ሁላችሁም ለልጁ ጠበቃ ቆማችሁ። እሷስ? ሰጪም ሰው ነው፤ ይደክማል። ስምንት ወር ሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ተነክሮ መኖር ቀላል ነው እንዴ? «ደከመኝ» ብትልስ ክፉ ትሆናለች?

ነርሷ
ዛሬ ገና ከቀጥተኛው ጋር ተስማማሁ። በየቀኑ መገኘት የማትችይ ከሆነ ከመጀመሪያው በየቀኑ አትምጪ። በሳምንት አንድ ቀን ብሎ ያን አለማጓደል ይሻላል። ብዙ ሰው ድንገት ትቶት የሄደ ልጅ የሚያየው መምጣትሽን ሳይሆን መቅረትሽን ነው።

ጥላ_ሥር
ቀጥተኛው፣ ስለተቆረቆርክልኝ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ደክሞኝ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። መጀመሪያ የጻፍኩትን አሁን ስመለስበት ደረሰኝ ይመስላል። ቅጽ፣ ቢሮ፣ ጃኬት፣ ስምንት ወር። ለካ ስቆጥር ነበር። እሱም ሳይነገረው ያውቀው ይሆናል።

አሁን ምን ላድርግ? ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር።

መንገደኛ
ረጅም አትጻፊ። ረጅም ይቅርታ ስትጽፊለት አንቺን ማጽናናት የሱ ሥራ ይሆናል። ያጠፋሽውን በስሙ ጥሪው፣ ምክንያት አትደርድሪ፣ በቃ። ብስክሌቷስ? ተሠራች?

ጥላ_ሥር
እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማለች። አቧራ ጠጥታ።

አስተማሪው
ታዲያ!

ድብልቅልቅ
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ስደተኛ ወዳጄ ገንዘብ ቢጠይቀኝስ? ላበድር ወይስ እንቢ ልበል?

መንገደኛ
መስጠት የምትችለውን ስጥና እርሳው። ማጣት የማትችለውን አታበድር። ሽማግሌው ወዳጄ በእጄ ገንዘብ ሰጥቶኝ አያውቅም። ግን በቼዝ ያሸነፈ ሰው የአውቶቡሱን አይከፍልም የሚል ሕግ ነበረው። ብዙ ጊዜ እሱ ነበር የሚያሸንፈው አላልኳችሁም? ወር መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ይሄ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ጥላ_ሥር
(ከዘጠኝ ቀን በኋላ)
የሆነውን ልንገራችሁ።

የላክሁለት እንዲህ ነበር፤ «ያን ቀን ሰው ፊት ስለ ጀልባዋ ንገራቸው ማለቴ ጥፋት ነው። የነገርከኝ ለኔ ነበር። ብስክሌቷ ደግሞ እስካሁን አትሄድም።» ሁለት ቀን ምንም መልስ የለም። ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግራችሁም። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር መጣ፤ «ሰንሰለቷ ነው ወይስ ጎማዋ?»

ቅዳሜ መጣ። ሳጥን ሙሉ መፍቻ ከሰው ተውሶ። ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ አነጠፈና ብስክሌቷን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታታት። ሰንሰለቷ ብቻ ነበረች የተበላሸችው፤ ግን ምንም አላልኩም። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያለኝን እያቀበልኩ ዋልኩ። የመፍቻ ስም በሱ ቋንቋ ተማርኩ። ስጠራው እስኪያስለው ሳቀ። ተርጓሚው፣ ጨዋ አይደለም! አሽሙረኛ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ጎማውን እያሽከረከረ፣ ቀና ሳይል፣ «ያን ማታ አንዷ ጓደኛሽ ራሴን ዳበሰችኝ» አለ። «እንደዚያ የምታደርገው እናቴ ብቻ ነበረች።» የምናገረው ነገር እስከ ከንፈሬ ደርሶ ነበር። መንገደኛን አስታወስኩና ዋጥኩት። ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘረጋ። መፍቻውን አቀበልኩት።

ማታ ብስክሌቷ ተገጣጠመች። ትሄዳለች። ጋዜጣው ላይ ግን አንድ ብሎን ተርፏል።

ፈገግታ
የፍሬኑ እንዳይሆን ብቻ!

ጥላ_ሥር
እሱም እንደዚያ ነው ያለው። እስኪመጣ እንዳልነዳት አስጠንቅቆኛል። የፊታችን ቅዳሜ እንደገና ይፈታታል።